በቴፒ መንገድ ላይ የተፈተነው የጀልባ ወንበር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ አመል አልለቅ ብሎኛል። ሰው ቤት ገብቼ "ተቀመጪ" ስባል ዝም ብዬ አልቀመጥም፤ መጀመሪያ ወንበሩን በመዳፌ ጫን አድርጌ እለቀዋለሁ። ሲመለስ ዘሎ ነው ወይስ ቀስ ብሎ? ተመልሶስ ዝም ይላል ወይስ ይወዛወዛል? ልጆቼ ያፍሩብኛል። "እማዬ፣ የሰው ሶፋ እኮ ነው" ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን የሥራ ዘመኔ ያለፈው በዚህች ጥያቄ ላይ ስለሆነ እጄ ከእኔ ቀድሞ ይጠይቃል።

ተወልጄ ያደግሁት ሚዛን ተፈሪ ነው። ስፌት የተማርኩት የቀበሌያችን ሴቶች ከከፈቱት የልብስ ስፌት ቤት ነበር። በደርግ ጊዜ ከቴፒ ወጣ ብሎ ከነበሩት የመንግሥት ቡና እርሻዎች አንዱ ሸራ ሰፊ ሲፈልግ አመለከትኩና ተቀጠርኩ። ደመወዙ እንደማንኛውም ደመወዝ ነው፤ ከወር ወር ያደርሳል። ሥራዬ የቡና ማስጫ ሸራ መጠገን፣ የመኪና ሸራና የትራክተር ወንበር ማልበስ ነበር። የስፌት መኪናዬን ያስቀመጡልኝ ወርክሾፑ ውስጥ፣ ብረት ከሚቀርጸው ቶርኖ አጠገብ ነው። ቀኑን ሙሉ የብረት ፍቅፋቂ ጨርቄ ላይ ይረግፋል። መጀመሪያ ተበሳጨሁ፤ ኋላ ግን ዓይኔ መርፌውን እየተወ ቶርኖው ላይ መቅረት ጀመረ።

የወርክሾፑ ኃላፊ ኢንጂነር ኃይሉ ይባሉ ነበር። ውጭ አገር የተማሩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። እንደ እሳቸው ያለ አለቃ ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም። አንድ ዕቃ ተሰብሮ ሲመጣ ሌላው መካኒክ ወዲያው ቁልፍ ያነሳል። እሳቸው ግን የዘይት ቆርቆሮ ገልብጠው ፊት ለፊቱ ይቀመጡና ሻይ ያስመጣሉ። ሻያቸውን ጠጥተው እስኪጨርሱ ማንም ዕቃውን አይነካም። "መጀመሪያ እሱ ይናገር፤ እኛ እንደርስበታለን" ይላሉ። ሌላው ልማዳቸው "በምን አወቅሽ?" ማለት ነው። ሰውን ለማሳፈር አይደለም፤ የእውነት ማወቅ ይፈልጋሉ።

አንድ ቀን የትራክተር ወንበር ሳለብስ፣ "ይሄኛው ሹፌር ወደ ግራ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው" አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

"በምን አወቅሽ?"

"ስፌቱ ሁልጊዜ የሚተረተረው በዚህ በኩል ነው።"

ወንበሩን ገለበጡት። በግራ በኩል ያለው ጥምዝምዝ ብረት፣ ሞላው፣ ደክሞ ተኝቷል። "ሹፌሩ አይደለም የተጋደመው፣ ወንበሩ ነው" አሉና ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር በመጣ ቁጥር ልባሱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውንም አብሬ እንዳይ አደረጉኝ። የሞላ ብረት ሲሞቅ ቀለሙ እንዴት እንደሚቀያየር፣ በዘይት ቢነከር ምን እንደሚሆን፣ በውሃ ቢነከር ለምን እንደሚሰነጠቅ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከጋምቤላ ቡና ሊጭን በመጣ መኪና አንድ ረጅም ሰው ከወረቀት ጋር ወርክሾፓችን ደረሰ። ስሙ ኦጁሉ ነው፤ አኙዋክ ነው። በባሮ ወንዝ ላይ ሐኪሞችን ከመንደር መንደር የምታመላልስ፣ በሽተኛም የምታመጣ ፈጣን የሞተር ጀልባ ይነዳል። ወረቀቱ የጀልባዋ ነጂዎች ወገባቸውን እየታመሙ ሥራ መተዋቸውን ይገልጽና፣ በአካባቢው ቶርኖና ብየዳ ያለው እርሻው ስለሆነ ትብብር ይጠይቃል። ከኦጁሉ በፊት የነበሩት ሁለቱ ነጂዎች ትተዋል። እሱ ከተወ ጀልባዋ ትቆማለች።

እኔ ጀልባ አይቼ አላውቅም። ሚዛን ያሉት ወንዞች ድንጋይ ለድንጋይ የሚዘሉ ናቸው፤ ጀልባ አይሸከሙም። ስለዚህ ጠየቅሁት። "ውሃ ላይ የሚሄድ ነገር ምን ወገብ ይሰብራል? ውሃ ለስላሳ አይደለም?"

ኦጁሉ አማርኛን የተማረው በሥራ ነው፤ ቃል እየመረጠ ቀስ ብሎ ይናገራል። "ቀስ ስትሄጂ ለስላሳ ነው" አለኝ። "ስትሮጪ ድንጋይ ነው። ጀልባው አፍንጫውን ያነሳል፣ ከዚያ ይወድቃል። ያነሳል፣ ይወድቃል። እዚህ ጋ ይገባል" አለና የወገቡን አጥንት በጣቱ ነካ።

ኢንጂነር ኃይሉ በተማሩበት አገር፣ ወደብ ካለበት ከተማ፣ የፈጣን ጀልባ ወንበር የሚፈትን ቤት ጎብኝተው ነበር። ወንበሩን ከፍ አድርገው ሰቅለው ይጥሉታል፤ ከዚያ ምን እንደሆነ ያያሉ።

"እዚህ ግን ባሕር የለም" አለ የቶርኖ ሠራተኛው።

"መውደቅ ግን አለ" አሉ ኢንጂነሩ።

ከወርክሾፑ ጀርባ ትልቅ ዋንዛ ነበር። በቅርንጫፉ ላይ ገመድ የሚዞርበት ካሩኮላ አሰርን፤ በገመድ ወደ ላይ የሚሳብ፣ ገመዱ ሲለቀቅ አሮጌ ጎማ ላይ የሚወድቅ የብረት መደብ ሠራን። ወንበሩ መደቡ ላይ በብሎን ይታሰራል። ከወንበሩ ሥር፣ ከመደቡ ጋር ሊጋጭ በሚችልበት ቦታ፣ ድቡልቡል ጭቃ እናስቀምጣለን። ወንበሩ ሲወድቅ ምን ያህል እንደወረደ ጭቃው ይነግረናል። ሙሉ በሙሉ ከተጠፈጠፈ ወንበሩ መጨረሻው ድረስ ወርዶ ብረት ከብረት ተጋጭቷል ማለት ነው፤ ሳይነካ ከቀረ ደግሞ ሞላው በጣም ጠንክሯል። ጭቃውን የማድቦልቦልና ከወደቀ በኋላ ውፍረቱን የመለካት ሥራ የእኔ ሆነ። ሞላ ከተጣሉ ማሽኖች እየፈታን፣ እየቆረጥንና እየቀያየርን ሞከርን። በሰው ፋንታ የምናስቀምጠው በኦጁሉ ክብደት ልክ የተሞላ የቡና ጆንያ ነበር። እርሻ ላይ ከቡና ጆንያ ይልቅ በቀላሉ የሚገኝ ምን አለ?

የሚስማሙትን ሞላዎች ካገኘን በኋላ ወንበሩ ድንቅ ሆነ። ጆንያው ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ዝም ይላል። ጭቃው በግማሽ ብቻ ይጨፈለቃል። ደጋግመን ጣልነው፤ ያው ነው። ቀጥሎ ወንበሩን በትራክተር ተጎታች ላይ አሰርነው። ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ግንድ ለግንድ ተደርድሮ የተሠራ ድልድይ አለ፤ ኦጁሉ አንድ ጊዜ ተሻግሮበት፣ "ይሄ ባሮ ነው!" ብሎ ነበር። ጆንያውን አስቀምጠን አለፍንበት። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ቆመው፣ ጆንያ በክብር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ እያዩ በሳቅ ፈረሱ።

ሰው የሚቀመጥበት ቀን ደረሰ። ኢንጂነሩ ቀድመው ሊወጡ ሲሉ ኦጁሉ ክንዳቸውን ያዘ። "ጀልባው የኔ ነው። የሚስማማኝን የማውቀው እኔ ነኝ።" ተቀመጠ። ትራክተሩ ፍጥነት ጨመረ። በመጀመሪያው ግንድ ላይ ኦጁሉ ሳቀ፤ ጥርሱ ይታየኛል። በሁለተኛው ከፍ አለ። በሦስተኛው ይበልጥ። ወንበሩ የግንዶቹን ምት ይዞ አብሮ መጨፈር ጀመረ፤ በእያንዳንዱ ግንድ ላይ ካለፈው የበለጠ ያነሳዋል። "አቁም!" ብለው ኢንጂነሩ ጮኹ። ትራክተር ግን እንደ ጮኹለት አይቆምም። ኦጁሉ ከወንበሩ ተለይቶ አየር ላይ ወጣ፤ እሱ ሲወርድ ወንበሩ ሽቅብ እየመጣ ነበር። ተገናኙ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልወደውም።

ሸራ ላይ አስተኝተን፣ በመኪና ቀስ እያልን፣ ሚዛን ሆስፒታል አደረስነው። የወገቡ አጥንት ተሰንጥቋል ተባለ። ጣውላ ላይ በጀርባው እንዲተኛ ታዘዘ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። የእርሻው የፖለቲካ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን በዚያ ዘመን ሰው ሲጎዳ የሚጠየቀው "ምን ሆነ?" ሳይሆን "ማን አደረገው?" ነው።

"ወንበሩን ከዚያ በፊት በሰው ፈትናችሁት ነበር?" አሉ ኃላፊው።

"አልፈተንነውም፤ በጆንያ ነበር" አሉ ኢንጂነሩ።

"ጓድ ኢንጂነር፣ ሠርቶ አደሩን እንደ ጆንያ ቆጥሮ አደጋ ላይ መጣል ምን ይባላል?"

"አሻጥር" የምትለዋ ቃል ገና አልተነገረችም፤ ሁላችንም ግን ሰምተናታል። በዚያች ቃል ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎች እናውቃለን። የቶርኖ ሠራተኛው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔ እጄን አንስቼ፣ "ጭቃውን የለካሁት እኔ ነኝ። ጭቃው ደህና ነው ይል ነበር። ለምን እንደዋሸን ሳናውቅ ብንቀጣ የሚቀጥለውም ሰው ይሰበራል" አልኩ። ኢንጂነሩም ተነስተው፣ "ኃላፊው እኔ ነኝ። ምን እንዳላወቅን ለማወቅ ግን ጊዜ ስጡን" አሉ። የቡና ለቀማው እስኪጀምር ተሰጠን። እስከዚያ መልስ ካላገኘን ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ይሄዳል ተባለ።

ቅዳሜ ሚዛን ቤተሰቦቼ ጋ ስሄድ ኦጁሉን ልጠይቀው ሆስፒታል ገባሁ። እናቴ ጎደሬ ቀቅላ አስይዛኛለች። እግሩ ከአልጋው አልፎ ወጥቷል። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ወንበሩ ለምን ገፋኝ?" አለኝ፣ ገና ከመቀመጤ።

"አናውቅም።"

"ጆንያውን አልገፋውም።"

"አልገፋውም።"

ጎደሬውን ተቀበለኝ። "ስታውቁ መጥተሽ ንገሪኝ። የመታኝን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። አዞ ቢሆን አውቀው ነበር።"

ወርክሾፕ ስመለስ ኢንጂነሩ ዋንዛው ሥር፣ ቆርቆሯቸው ላይ፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ሻያቸው ቀዝቅዟል። ወንበሩን ስንጥል ሰነበትን። በጆንያ ሁልጊዜ ጨዋ ነው። እንዲያ እንዳለን የመጋዘን ኃላፊው መጥቶ፣ "ጆንያዬን አምጡ፤ መኪና ቆሞ ይጠብቃል" አለና የመፈተኛ ጆንያችንን አሸክሞ ወሰደ። ተናደድን። ሌላ ክብደት ሲጠፋ ከትራክተር አፍንጫ ላይ የሚንጠለጠሉትን ብረቶች ፈትተን፣ በጆንያው ልክ መዝነን፣ ወንበሩ ላይ አሰርንና ገመዱን ለቀቅሁ።

ወንበሩ ጨፈረ። ወረደ፣ ዘለለ፣ ተመልሶ ወረደ፣ ደግሞ ዘለለ። ብረቱ ማሰሪያውን በጥሶ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም።

እርስ በርስ ተያየን። ክብደቱ ያው፣ ወንበሩ ያው፣ ከፍታው ያው።

"ጆንያ አምጪ" አሉኝ ኢንጂነሩ በሹክሹክታ፣ ያረፈ ወፍ እንዳያስደነግጡ የፈሩ ይመስል።

መጋዘን ሮጬ ሄድኩ፤ ኃላፊውን ለምኜ ሌላ ጆንያ አመጣሁ። ጣልነው። ዝም። ብረት፤ ጭፈራ። ጆንያ፤ ዝም። ኢንጂነሩ የጆንያውን አፍ ፈትተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡና፣ "አንቺም አስገቢ" አሉኝ። አስገባሁ። ጆንያውን በሌላ እጃቸው ነቀነቁት። ፍሬዎቹ በጣቶቼ መሃል እየተሻሹ፣ እየተንሸራተቱ፣ ቦታ እየተለዋወጡ ሲሄዱ ተሰማኝ።

"ቡናው ነው!" አልኩ። "ዝላዩን ቡናው ነው የሚበላው!"

"በምን አወቅሽ?" አሉ፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሞላ ጉልበት ይቀበላል እንጂ አያጠፋም፤ የተሰጠውን መልሶ ይሰጣል። ጆንያው ውስጥ ሚሊዮን ፍሬ እርስ በርሱ እየተፋተገ ያን ጉልበት ይጨርሰዋል። እኛ ወንበሩን እየፈተንን መስሎን ጆንያውን ነበር የምንፈትነው። ኦጁሉ ደግሞ ቡና አይደለም።

ወንበሩ የጎደለው ዝላዩን የሚበላ ነገር ነበር። ለምን ከኦጁሉ ሥር ቡና አናደርግም ብዬ ፍሬ የሞላበት መቀመጫ ሰፋሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ከዚያ ዝናብ ነካው፣ ቡናው አበጠና ሻገተ፤ ሽታው ወርክሾፑን አስለቀቀን። እስከ ዛሬ ስናስታውሰው እንስቃለን። ወደ መኪና ዕቃ ዞርን። ከተሰባበረ ላንድሮቨር አሞርዛተር ፈትተን፣ ከወንበሩ ሥር ጋደም አድርገን ገጠምነው። አሞርዛተር ውስጡ ዘይት ነው፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ እንደ ቡናው ዝላዩን ይበላል። ወፍራም ዘይት ሲሆን ወንበሩ እንደ በርጩማ ይደርቃል፤ ቀጭን ሲሆን ደግሞ ጭፈራው ይመለሳል። ዘይት እየቀላቀልን፣ ጭቃ እያድቦለቦልን፣ ብረቱን ዝም እስኪል ጣልነው።

"አሁን ሰው" አሉ ኢንጂነሩ። ራሳቸው ተቀመጡ፤ ወገባቸውን ሰፊ በሆነ የሸራ ቀበቶ አሰርኳቸው። ገመዱን ለመልቀቅ እጄ እምቢ አለኝ። "ልቀቂ እንጂ!" አሉ። ለቀቅሁ። ወረዱ፣ ተነሱ፣ ቆሙ። ዓይናቸውን ገለጡና፣ "እንደ ሰነፍ በቅሎ ነው" አሉ፤ ትልቅ ምስጋና ነበር። እኔ ከእሳቸውም ስለምቀል፣ ወንበሩ ለቀላል ሰውም መሆኑን ለማየት ቀጥዬ ተቀመጥኩ። ገመዱ እስከ ቅርንጫፉ ሥር ሳበኝና ተለቀቀ። ስወድቅ ወገቤ ምንም አላለም። "ድገሙት!" ብዬ ጮህኩ።

ለቀማው ከመጀመሩ በፊት የፖለቲካ ኃላፊውን ጠርተን ብረቱንና ጆንያውን አፈራርቀን ጣልንላቸው። እሳቸውም እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ከተቱ። ብዙ ቆይተው አወጡትና፣ "ይሄ ነገር ይገርማል" አሉ። ጉዳዩ ወደ በላይ አልሄደም።

ሚዛንም ሄድኩ፤ ቃል ነበረብኝ። ኦጁሉ ቀና ማለት ጀምሯል። በትንሽ ከረጢት ቡና፣ በሌላ ከረጢት ድንጋይ ይዤ ሄጄ የተኛበት ጣውላ ላይ አንድ በአንድ ጣልኳቸው። ድንጋዩ ነጠረ፤ ቡናው ባለበት ቀረ። ደጋግሞ ራሱ ጣላቸው። ነርሷ መጥታ እስክትቆጣን ድረስ። "እንግዲህ የመታኝ ይሄ ነው" አለ፣ ጠላቱን በስሙ እንዳወቀ ሰው።

ኦጁሉ ድኖ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ እኔና ኢንጂነሩ ወንበሩን ጭነን በጎሬ በኩል ጋምቤላ ወረድን። ሙቀቱ ፊቴን እንደ ምድጃ መታኝ። ባሮን ሳይ ፈዝዤ ቀረሁ፤ ያን ያህል ውሃ በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ወንበሩን ከመሪው ጀርባ አሰርነው፤ ኦጁሉ ቀበቶውን አጠበቀና ጀልባዋን አስወነጨፋት። አፍንጫዋ ተነሳ፤ ወደቀ። እኔ ጎኗ ላይ ተለጥፌ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ ኦጁሉ ግን ከወገቡ በላይ ጸጥ ብሏል። ዞር ብሎ አየንና ሳቀ። ኢንጂነሩ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ስንመለስ ከአንድ መንደር ሰዎች ከዳር ሆነው ጨርቅ አውለበለቡ። ምጥ ከጠናባት የቆየች ወጣት ሴት ነበረች። ምንጣፍ ላይ አድርገው ጀልባዋ ወለል ላይ አስተኟት፤ ኦጁሉ ወደ ሆስፒታሉ ገሰገሰ። ጀልባዋ ውሃውን በመታች ቁጥር ሴትየዋ ትጮሃለች። ኦጁሉ ፍጥነት ቀነሰ። ቀስ ካለ ደግሞ መንገዱ ሊረዝም ነው። አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አየና ሞተሩን አጠፋ። ቀበቶውን ፈታ።

"እዚህ አስቀምጧት።"

"ወገብህስ?" አሉ ኢንጂነሩ።

"የኔ ወገብ ድሮ ተሰብሮ ድኗል። የሷ ቀን ዛሬ ነው።"

አንስተን ወንበሩ ላይ፣ ጋደም አድርገን አስቀመጥናት። በቀበቶው ከብብቷ ሥር አሰርኳትና ከኋላ ትከሻዋን ደግፌ ተንበረከክሁ። ኦጁሉ ከጎኗ ቆሞ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ጀልባዋን ለቀቃት። አፍንጫዋ ተነስቶ ሲወድቅ የሴትየዋ ጭንቅላት ደረቴ ላይ ለስለስ ብሎ ይወርዳል፤ ይመለሳል። ጩኸቷ ከውሃው ጋር መሆኑ ቀረ፤ የሚመጣው ምጧ ሲመጣ ብቻ ሆነ።

ደረስን። ከጀልባዋ ስናወርዳት ኦጁሉን ጆሮው ሥር አንድ ነገር አለችው። ምን እንዳለች ጠየቅሁት።

"'ጀልባው የቆመ መስሎኝ ነበር' ትላለች" አለኝ።

የወለደችውን ሕፃን በማግስቱ አሳዩን። ኦጁሉ ወገቡን በእጁ ደግፎ፣ ፊቱን አኮሳትሮ እያዘገመ ወደ ኢንጂነሩ መጣ።

"ወንበሩ ጥሩ ነው" አለ። "ለነጂ ብቻ ግን አይደለም የሚያስፈልገው። ለነጂ ይሄ ይበቃል፤ ለበሽተኛ ደግሞ እንደሱ የማይዘል አልጋ ሥሩ።"

እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ከወንበሩም ከሸራውም በላይ፣ የሠራሁት ያን የጀልባ የበሽተኛ አልጋ ነው።